ከጀርባው የተነበበ ካርድ

"ወረቀት ይቆስላል" የሚል ባል ነው ያለኝ። የሰው ባል ሸሚዙ ሳይተኮስ ሲቀር ይቆጣል። የኔው ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ቢውልም አያውቅ፤ ካተምኳቸው ካርዶች አንዱን ብድግ ያደርግና ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ "አቆሰልሽው" ይለኛል። በዚህ ነገር ስንት ዘመን እንደተጨቃጨቅን እኔና እሱ እናውቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤት የሚታተመው በድሮው መንገድ ነው። ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከእርሳስ የተቀረጹ ናቸው፤ አንድ በአንድ ተለቅመው በመስመር ይደረደራሉ፣ ይታሰራሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ይጫናሉ። እሱ ለቃሚ ነው፣ እኔ አታሚ። እሱ ከፊደል ሳጥኖቹ ፊት ይቆማል፣ እኔ በእግር የሚረገጠውን ማተሚያ እየረገጥኩ ወረቀት አጎርሰዋለሁ። የሠርግ ጥሪ፣ የልደት ካርድ፣ የምስጋና ካርድ፣ ራስጌው ላይ የባለቤቱ ስም ያረፈበት የደብዳቤ ወረቀት፣ ይኸው ነው ሥራችን። በሱ ሃይማኖት ጥሩ አታሚ ማለት ፊደሉ ወረቀቱን እንዲስመው እንጂ እንዲነክሰው የሚያደርግ አይደለም። ከፊት ጥርት ብሎ መነበብ አለበት፤ ከጀርባ ግን እጅ ሲያርፍበት ምንም ነገር መኖር የለበትም።

ሰፈሩ "ጋሽ አራት ነጥብ" ይለዋል። አንድ ደንበኛ የጥሪው መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ አልፈልግም፣ መልኩን ያበላሽብኛል ቢለው፣ እንግዲያው ዓረፍተ ነገርህን ይዘህ ሂድ፣ ሲያልቅ ትመለሳለህ ብሎ አሰናበተው። ስሙ ያን ጊዜ ወጣለት። እሱም አልከፋውም፤ ከጋሽ ጥያቄ ምልክት ይሻላል ይላል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ደንበኛ የሰጠንን ጽሑፍ አነሳና ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ አራቀ፣ መነጽሩን ጠረገ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ይኸ በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባለው ነገር ሲታደል የት እንደነበርኩ አላውቅም። ቀልዱን ተወውና ሥራህን ሥራ፣ ሰው እየጠበቀ ነው ብዬ ጮኽኩበት። ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። በእጄ የያዝኩትን ሁሉ ጥዬ፣ የማተሚያው መሽከርከሪያ ገና ሳይቆም፣ እጁን ይዤ ወጣሁ።

ሐኪሟ ደግ ሴት ናት፣ ዕድሜ ይስጣት። ከጭንቅላቱ በስተኋላ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተዘግታ ነው አለችን። እጁ ደህና፣ እግሩ ደህና፣ አንደበቱ ደህና። ዓይኑም ያያል፤ እኔን ያውቀኛል፣ ቀዩን ከሰማያዊው ይለያል። ከዓይኑ ወደ ፊደል የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው የተዘጋው። ከሁሉ ጉድ ያሰኘኝ ደግሞ መጻፍ መቻሉ ነው። ብዕር ሰጥታው የፈለጉትን ይጻፉልኝ ብትለው፣ በዚያ በሚያምረው እጁ አንድ መስመር ሙሉ ጻፈላት። አሁን ያንብቡልኝ ስትለው ግን የገዛ ጽሑፉን የሰው ዕቃ በስህተት እንደደረሰው ሰው አየው። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። "ሚስቴ ሐኪም ቤት ውስጥ ብዙ ትጮኻለች" ይላል። ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ፣ ሁለቱንም አደረግኩ።

ንባቡ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ተባልን። ልጃችን ከምትኖርበት ከተማ የሕፃናት የፊደል ገበታ ከነሥዕሉ ገዝታ ላከችለት። ክፋት የላትም ልጄ፣ አባቷን የምታድንበት ሌላ መንገድ ጠፍቷት ነው። ሰውዬው ግን ዕድሜውን ሙሉ እያንዳንዷን ፊደል በጣቱ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ብሰቅልለት ጥቂት ቀን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደው፣ አጣጠፈው፣ ከሚነቃነቀው ጠረጴዛችን እግር ሥር ሸጎጠው። ጠረጴዛው በርግጥ ተስተካከለ።

እኔ መቼ በዚህ እተኛለሁ። መጻፍ ከቻልክ መልቀምም ትችላለህ አልኩት፤ እጅህ ሳጥኖቹን ከስሜ በላይ ያውቃቸዋል፣ አንተ ልቀም፣ እኔ አነብልሃለሁ። በጄ አላለኝም። ያላነበበውን ነገር አትሞ እንደማያውቅ፣ በዚህ ዕድሜውም እንደማይጀምር ነገረኝ። ወደ ሥራ ቤቱ መምጣቱንም ተወው። ቤት ተቀምጦ መስኮት ያያል፤ መንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ የሰቀለውን ማስታወቂያ ሲያይ ግን ፊቱን ያዞራል።

ከዚያ አንድ ቀን ሳያማክረኝ ሚዛንን ጠራው። ሚዛን የምንለው አሮጌ ብረትና እርሳስ እየገዛ የሚያቀልጥ ሰውዬ ነው፤ ያለ ሚዛኑ ከቤቱ ስለማይወጣ ነው ስሙ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ጨዋ ነው። ግን ፊደሎቻችንን እንደ ጥሬ ጆንያ ውስጥ ሊያፈሳቸው ነው፤ ሀውም ለውም አንድ ላይ ቀልጦ የመኪና ባትሪ ሊሆን ነው። ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳቸው ተቀጣጠሩ።

ስሰማ ያልተናገርኩት የለም። አባቱን ጠርቼ፣ እናቱን ጠርቼ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"የምታውቂያቸው ሰዎች ሁሉ በመንገድ ላይ ሰላም ሳይሉሽ ቢያልፉ ምን ይሰማሻል?" አለኝ። "እኔ እዚያ ቤት ስገባ እንደዚያ ነው። ሁሉም እዚያው አሉ፣ አንዳቸውም አያውቁኝም።"

ሰው የሚወደው ነገር ሲያኮርፈው ምን ተብሎ እንደሚታረቅ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ ብዬ ከራሴ ጋር ሳወራ ዋልኩ።

ሚዛን እስኪመጣ የቀረን አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፣ የአንዲት ሙሽራ የሠርግ ጥሪ። ሙሽሪት የጥርስ ሐኪም ናት። ፈጣን፣ ሳቂታ፣ የፈለገችውን ሳታገኝ ከወንበር የማትነሳ። ወረቀቱን ራሷ ይዛ ነው የመጣችው፣ ወፍራም፣ እንደ ጥጥ ለስለስ ያለ ነገር። የምትፈልገው ደግሞ ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የተዋጋውን ነው፤ ፊደሉ ወረቀቱ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ይግባልኝ፣ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቅልኝ አለች። ዘንድሮ የሚያምረው እንደዚያ ነው አሉ። ባለቤቴ ይኸን ማቁሰል ነው የሚለው፣ ቢያይ ይፈታኛል አልኳት።

"እትዬ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው መንከስ ያቃተው ጥርስ ነው" አለችኝ። "ካርዴ እንኳ ይንከስልኝ።"

ባሌም የለ፣ ሥራውም የመጨረሻ ነው፣ ማን ሊቆጣኝ ብዬ እሺ አልኳት። ፊደሉንም ከትልልቁ መረጥንላት።

ባሌን ግን ለሳምንቱ ብቻ አብረኸኝ ዋል ብዬ ለመንኩት። የፊደል መሳቢያዎቹ ከብደውኛል አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም፣ እርሳስ ነው የሞላባቸው። መጣ። መሳቢያ ያወርድልኛል፣ ያወጣልኛል፣ ከዚያ ወንበሩን በሩ አጠገብ አድርጎ ጀርባውን ለፊደሎቹ ሰጥቶ ይቀመጣል። የሚያልፍ ሰው ሰላም ሲለው ይመልሳል። ያን ጀርባውን እያየሁ መሥራት ምን ያህል እንደከበደኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ለቀማውን ራሴ ገባሁበት። ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ኖሬያለሁ፣ ማየትና መልቀም ግን ለካ ሰማይና ምድር ናቸው። እሱ እንደሚተነፍስ የሚሠራውን እኔ እያላበኝ፣ ከንፈሬን እየነከስኩ፣ አንዷን ፊደል ፍለጋ የሳጥን ቤት ሁሉ ስበረብር ዋልኩ። ፊደል አንድ ሁለት አይደለ፣ የዘሩ ብዛት። ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ እያልክ ስትቆጥር ልብህ ያልቃል። አንድ መስመር ጨርሼ ወደ ጠረጴዛው ስወስደው ከእጄ አመለጠኝና ወለሉ ላይ ተበተነ። ተንበርክኬ ስሰበስብ ከበሩ በኩል፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አለ።

ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ የኖረ ሰው ተረት መተረቱን ከተረቱ ይልቅ ወደድኩት።

ጥሪው ረጅም አይደለም። የሁለቱ ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከሥሩ ደግሞ "በደስታችን ቀን እንድትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን" የሚል መስመር አለ፣ እንደ ሁሉም ሠርግ። አስሬው፣ ማተሚያው ላይ አድርጌው፣ ከወረቀቱ ኋላ ካርቶን ጨማምሬ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ ረገጥኩት። ማተሚያው አቃሰተ። ካርዱ ሲወጣ ግን እውነት ለመናገር አማረልኝ። ፊደሉ ጭቃ ላይ እንደረገጠ እግር ገብቶ ተቀምጧል። ባሌ እንዳያየው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሽሪት የሙከራውን ካርድ ልታይ መጣች። አነበበችው። እኔም በትከሻዋ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ደግማ አነበበችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ስሟን ከስሙ ጎን እንዲህ ተቀምጦ ስታየው ገና አሁን እውነት እንደመሰላት ነገረችኝ። በቃ ይታተም ተባባልን። ሲታተም ማየት እፈልጋለሁ ብላ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቆመች። እኔ ወረቀቱን ለማደራጀት ስዞር የሙከራውን ካርድ ሳላስበው ባሌ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ኖሯል።

ልማድ ክፉ ነው፣ ወይም ደግ ነው። እጁ ሄዳ አነሳችው። አውራ ጣቱ ጀርባውን ነካች። በይ እንግዲህ፣ መጣልሽ ብዬ ትከሻዬን ሰብሰብ አደረግኩ። "አቆሰልሽው" ሊለኝ ነው፣ ያውም በሙሽሪት ፊት።

አላለም። ጣቱ ቆመች። ተመልሳ ሄደች፣ ደግሞ ቆመች። ከዚያ ካርዱን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ያዘው፣ ራስጌውን ወደ ታች ዘቀዘቀው፣ ዓይኑን ጨፈነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መንገር አለብኝ። ለቃሚ ፊደል የሚያይበት መንገድ እንደሌላው ሰው አይደለም። እርሳሱ ላይ ፊደሉ በመስተዋት እንደሚታይ ሆኖ ነው የተቀረጸው፤ ለቃሚውም የደረደረውን መስመር የሚያነበው የመስመሩን ራስጌ ወደ ታች ዘቅዝቆ ነው። ጠልቆ የታተመ ካርድ ጀርባው እንግዲህ ልክ የእርሳሱ መልክ ነው። ፊደሎቹ አበጥ አበጥ ብለው፣ እንደዚያው ተገልብጠው ይወጣሉ። ባሌ ካርድ አልነበረም የያዘው፤ የገዛ መስመሩን ነበር የያዘው። ወረቀት አይቁሰል ሲል በኖረበት ዘመን ሁሉ ግን ጀርባው ላይ የሚዳሰስ ነገር አግኝቶ አያውቅም፤ ካገኘም ለመቆጣት ነው።

ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። "በ" አለ። ቆየ። "ደ... ስ... ታ... ችን።"

ሙሽሪት ምንም አልገባትም፣ ፈገግ ብላ ታየዋለች። እኔ ግን የያዝኩትን ወረቀት ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ደስ ሊለኝ ሲል ፈራሁ። ይኸ ሰውዬ የሠርግ ጥሪ ሲለቅም ነው የሸበተው። "በደስታችን ቀን" የሚለውን በእንቅልፍ ልቡም ይለዋል። ጣቱ እየነካ አፉ ከትዝታ እያወራ ቢሆንስ? ነገ ሌላ ጽሑፍ ስሰጠው ዝም ቢልስ? የቆመ ተስፋ ሲወድቅ ከቀድሞው ይብሳል። እግዜር፣ ላትሰጠኝ አታሳየኝ አልኩ በሆዴ።

"ቀን" አለ። ጣቱ ወደ ቀጣዩ ቃል ተሻገረች። "እ... ን..." ብሎ ቆመ። ግንባሩ ተኮሳተረ። ጣቱን ወደ ኋላ መለሳት፣ እንደገና አሳለፋት፣ በጥፍሩ ጫፍ የአንዲትን ፊደል እግር ተከተለ። እዚያች ፊደል ላይ ብዙ ቆየ።

"እንዳትገኙልን" አለ።

ዓይኑን ገለጠና ወደኔ ዞረ። "አንቺ ሴትዮ፣ እንዳትገኙልን ነው እኮ የሚለው። በደስታችን ቀን እንዳትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።"

ከዚያ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ፣ ከዚያ ወንበሩ እስኪነቃነቅ። ከታመመ ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም፤ መልኩን ረስቼው ነበር።

ሙሽሪት ካርዱን ቀማችው። ፈጥና አነበበችና፣ አይ ጋሼ፣ ደህና ነው፣ እንድትገኙልን ነው የሚለው አለችው። ቀስ በይ አላት። እንደገና አነበበች። እኔም አነበብኩ። ዓይን መቼ የተጻፈውን ያነባል፤ የጠበቀውን ነው የሚያነበው። ሁለታችንም ከስንት ንባብ በኋላ ነው ያየነው። "ድ" መሆን የነበረባት "ዳ" ሆና፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። እጄ ሳጥን ስታ ከጎረቤት ቤት ገብታ ኖሯል። ሙሽሪት አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ለእጮኛዋ አክስቶች ብቻ ይኸኛው ቢላክስ ብላ ከባሌ ጋር አብራ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት። ሙሽሪት በስህተቱ ያፈርኩ መስሏት፣ ኧረ ምንም አይደል እትዬ፣ ገና መቼ ታተመ እያለች ታባብለኛለች። ልጄ፣ አልገባሽም፣ ማፈር አይደለም አልኳት፤ ከታመመ ወዲህ ማንበብ እንዳቃተው ነገርኳት። ካስታወሰ "እንድትገኙልን" ነበር የሚለው። ትዝታ አይሳሳትም፣ ትዝታ ሁልጊዜ ልክ ነው። ስህተቴን ያገኘው ስላነበበ ነው። ባሌ አነበበ።

እሱም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው መሰለኝ። ሳቁ ቆመና ካርዱን ከሙሽሪት እጅ መልሶ ወሰደው። ከላይ ጀመረ፣ እሱ ሰምቶት የማያውቀውን የሙሽሪትን ስም አነበበ፣ በትክክል። ቀጥሎ የሙሽራውን፣ እሱንም በትክክል። ቦታውን። ቀኑን። ፊደል በፊደል፣ እንደሚጀምር ሕፃን እየቆጠረ፣ ግን እየሄደ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ አራቱን ነጥቦች አንድ በአንድ ነካቸው።

"አሉ" አለ። "ሁሉም አሉ።"

ስንቱን ላመስግን? ያችን ደግ ሐኪም ላመስግን፣ አንድ ደም ሥር ዘግቶ ጣቱን የተወለትን ፈጣሪ ላመስግን? ወረቀቷ እንዲነከስላት ከወንበር አልነሳ ያለችውን ልጅ ላመስግን? የምሬን ነው፣ ያችን የተሳሳተች እጄን ሳይቀር አመሰገንኳት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ሲባል ስሰማ ሰው ለማጽናናት የሚባል ነገር ይመስለኝ ነበር። ድግሱ እንዲህ ባለ መንገድ፣ በኔ ስንፍና በኩል ይመጣል ብሎ ማን ያስባል። ተነሥቼ ያችን አውራ ጣት ሳምኳት። ቀለም ነበረባት፣ ከንፈሬ ጠቆረ፣ ሙሽሪት እሷም እያለቀሰች በመሐረቧ ጠረገችልኝ።

ይኸን ስንል በሩ ተንኳኳ። ሚዛን ነው። ጆንያዎቹን በትከሻው፣ ሚዛኑን በእጁ ይዞ፣ እንዴት አደራችሁ ብሎ ገባ። ሦስታችንንም አየ፤ እኔ አልቅሻለሁ፣ ሙሽሪት አልቅሳለች፣ ባሌ ፊቱ በርቷል። ሰው ሞተ ወይስ ሰው ተወለደ ሊል ብሎ በጨዋነት ተወው። ከዚያ በለሆሳስ፣ ከየትኛው መሳቢያ እንጀምር አለ።

ባሌ ከወንበሩ ተነሣ። ካርዱን በሁለት እጁ ይዞ ሄደና ሰጠው። ይኸ ላንተ የታተመ ነው አለው።

ሚዛን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለ። ወረቀቱን ሲያይ ደነገጠ፣ እንዲህ ያለ ካርድ ደርሶት አያውቅም መሰለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከዚያ "በደስታችን ቀን እንድትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን" አለ። ወደ ሙሽሪት ዞሮ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ክብረት ይስጥልኝ የኔ እመቤት፣ ከነባለቤቴ እመጣለሁ፣ እንኳን ደስ ያለሽ እያለ መረቃት። ሙሽሪት ሳቋን ለመያዝ ወደ ግድግዳው ዞረች።

"ቀስ ብለህ አንብበው" አለው ባሌ።

ሚዛን ካርዱን ወደ ብርሃኑ አዞረ። ቃል በቃል ሄደ። እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ አንገቱን ወደፊት አወጣ፣ ከንፈሩን አነቃነቀ፣ ደግሞ አነበበ። ሚዛኑን አየ፣ ጆንያዎቹን አየ፣ ቀና ብሎ የፊደል ሳጥኖቹን አየ። ባሌን ለረጅም ጊዜ አየው። ሰውዬው ሞኝ አይደለም፤ ፊደል የከዳው ሰው ነው ብሎ ነበር የመጣው፣ አሁን ፊደል ያቀበለው ያው ሰው ነው።

"ከስንት ቤት ተባርሬያለሁ" አለ ጆንያዎቹን ወደ ትከሻው እየመለሰ። "በአክብሮት የተባረርኩት ግን ዛሬ ነው።"

ካርዱን ልመልስ ወይ ብሎ ጠየቀ። ያንተ ነው ተባለ። ደረት ኪሱ ውስጥ እንዳይታጠፍ አድርጎ ከተተውና ለባሌ እጁን ዘረጋለት፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ አለው። ባሌም እጁን ሳይለቅ እስከ በሩ ሸኘው፤ እኔና ሙሽሪትም ተከተልናቸው።